ምሕረት ጆሮዋን የነካች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ ውስጥ፣ በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ግቢ፣ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥተን ሥልጠና እንወስድ ነበር። ገና ረፋድ ቢሆንም ሙቀቱ ልብሳችንን ከጀርባችን ጋር አጣብቆታል። ከዛፉ ወድቆ የፈረጠው ማንጎ ይሸታል፤ ዝንቡ ከእሱ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እሱ ይመላለሳል። ባለቤቴን ተከትዬ ወደዚህ አገር ስመጣ ያዘልኳቸው ልጆች ዛሬ ልጆች ወልደዋል። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ሥልጠናውንም ለምጄዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ልቤ ለምሳ በሚጠበሰው ዓሣ ላይ ነበር።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ብዙ አላወራም። የጥበቃችንን የአራት ዓመት ልጅ ጠራና በሁለት እኩል ብርጭቆዎች ውኃ ቀዳ።

«እኩል ነው?» አላት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። «እኩል ነው።»

እያየችው የአንዱን ውኃ ወደ ረዥምና ቀጭን ብርጭቆ ገለበጠው። «አሁንስ? የቱ ይበዛል?»

አላመነታችም። ረዥሙን በጣቷ ነካችው።

ሳቅን። አንዷ ባልደረባዬ «ውይ፣ ሞኚት!» አለች። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም። «ሞኝ አይደለችም። ዕድሜዋ ነው» አለን። ከዚያ በኋላ ያስረዳን ነገር ለሌሎቹ ትምህርት ነበር፤ ለእኔ ግን እንደ መርዶ ነው የተነገረኝ። የልጅ አእምሮ እንደ ጥርስ በየተራው ይበቅላል አለ። መጀመሪያ በእጁና በአፉ ብቻ ያስባል። ቀጥሎ ቋንቋ ያወጣል፣ ይተርካል፣ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ዓይኑ ያየው አንድ ነገር ይገዛዋል፤ ቁመቱን ካየ ስፋቱን ይረሳል። ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይጀምራል። ዓይኑ ፊት የሌለውን ነገር በሐሳቡ ማውጣትና ማውረድ የሚችለው ደግሞ ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው። «ጥርሱ ያልወጣን ሕፃን ‘ለምን አጥንት አልቆረጠምክም’ ብሎ የሚመታ ሰው አለ?» አለ።

ሁሉም «የለም!» አሉ። እኔ ግን እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት።

ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይባላል። አባቴም እናቴም ወደ ጌታ ሄደዋል፤ ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የምጽፈውን እየመዘንኩ ነው የምጽፈው። ቢሆንም የተመዘነ ነገር ሁሉ ቀላል አይሆንም።

ቤታችን ኮልፌ ነበር። አባባ አየር ጤና አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ነው ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ያገኘችው። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ሆኖ ስምንተኛ ክፍል ልገባ ነው። ከእኔ በኋላ እማዬ ሁለት ልጅ ቀብራለች። ከዚያ ብዙ ተጸልዮ የመጣችው ታናሽ እህቴ ምሕረት ናት። ስሟንም ያወጡላት የጸሎት ኅብረቱ እናቶች ናቸው።

ምሕረት ከተወለደች ጀምሮ ረዥም ነበረች። የአባባ ዘመዶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ እጃቸው ሲሄዱ ጉልበታቸውን የሚነካ ይመስላል። ዓመት ሳይሞላት የሁለት ዓመት ልጅ ልብስ ትለብስ ነበር። ሰው ሁሉ «ትልቅ ልጅ ሆና የምን ማልቀስ ነው!» ይላታል። ልጅቷ ገና በወጉ አፏን አልፈታችም እኮ። ረዥም ልጅ ያሳዝነኛል። እንደ አጭር ልጅ ማንም አያቅፈውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የትምህርት ቤት ምዝገባ ደረሰ። የኮልፌ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ቦቲ ጫማችንን ከጭቃው ውስጥ እየነቀልን ነው የሄድነው። መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ አባባ ደስ ብሎት ስለነበር ለሁላችንም ገዛ። እማዬ ሥራ ስትገባ ምሕረትን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ፣ የምዝገባው ነገር ሁለቱም በልባቸው የጸለዩበት ነበር።

በዚያ ዘመን የተወለደበትን ቀን በወረቀት ይዞ የሚመጣ ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ መለኪያው አንድ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል። ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመለስ። በሠፈራችን «እጅ ከደረሰ ልብ ደርሷል» ይባል ነበር።

ከፊታችን የተሰለፈችው የጎረቤታችን ልጅ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ጉሊት ስትቸረችር መልስ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ግን አጭር ነበረች። እጇን አሻገረች፤ ጣቶቿ ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ላይ ቀሩ። አንገቷን አዘነበለች።

«አንገት አይታጠፍም!» አለቻት የምትመዘግበው አስተማሪ፣ ቲቸር አስካለ። «ለከርሞ!»

ጫልቱ እያለቀሰች ወጣች። የምሕረት ተራ ሆነ። የበቆሎውን ቆረቆንዳ በግራ እጇ እንደያዘች፣ ቀኝ እጇን በራሷ ላይ ወረወረችው። ጆሮዋን ነካች ማለት አይበቃም፤ ጆሮዋን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። ከዚያም ምላሷን አውጥታ ሳቀች። የተሰለፈው ወላጅ ሁሉ አብሯት ሳቀ።

«ይቺማ ለሁለተኛ ክፍል ናት!» አለ አንዱ።

«ተባረኪ» አለች ቲቸር አስካለ፤ ጻፈቻት። ዕድሜዋ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ጆሮዋ ተናግሯልና። ምሕረት በዚያን ቀን አራት ዓመት ከመንፈቅ አልፏት ነበር፤ አምስት አልሞላትም። አባባ በትከሻው ተሸክሟት ወደ ቤት ተመለስን። ውሸት አልተናገረም፤ ይህን ስለ እሱ መመስከር አለብኝ። እንደ ሁሉም ሰው አመነ እንጂ።

ታኅሣሥ ገባ። ብርዱ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚቆርጥበት ጊዜ ነው። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቲቸር አስካለ ቤታችን መጣች፤ እሷም የኅብረታችን አባል ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ደሞዝ በዘገየባቸው ወራት እንኳ ለልጆቹ ጠመኔ ከኪሷ ትገዛ ነበር። አባባ ለእንግዳዋ አንድ ለስላሳ ከፈተላት። ሁለተኛውን ለልጆች አለ። ጫልቱም እኛ ቤት ነበረች፤ ሁልጊዜም አትጠፋም።

«ጋሽ ታደሰ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለች ቲቸር አስካለ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ስለ ምሕረት ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ልጅቷ ትምህርቱን አልቻለችም፤ ወይም አልፈለገችም። ቆርኪ እደረድርላታለሁ። አምስት ቆርኪ ጠጋ ጠጋ አድርጌ ሳስቀምጥ ‘አምስት’ ትላለች። እነዚያኑ ቆርኪዎች ራቅ ራቅ ሳደርጋቸው ‘በዛ’ ትለኛለች። እያየችኝ! ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ገና ልጅ እኮ ናት» አለች እማዬ ከጓዳ በር ላይ ሆና። «የፊታችን ገና ነው አምስት የምትሞላው።»

«እትዬ፣ የእናት ስሌት ነው እሱ!» ቲቸር አስካለ ሳቀች። «ለእናት ልጅ መቼም አያድግም። እጇ ጆሮዋን ይዞ አይደል እንዴ? እኔው ነኝ ያየኋት። ሰባት ቢያልፋት እንጂ አይጎድላትም።»

እማዬ አባባን አየችው። አባባ ለስላሳውን ይከፍታል። እማዬ የወለደች ሴት ናት፤ ያማጠችበትን ሌሊት ታውቃለች፤ ግን አስተማሪ ተናግራለች፣ ጆሮም መስክሯል፤ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። የምሕረት የልደት ቀን በዚያ ቤት እንዲህ ተነሥቶ እንዲህ ወደቀ፤ ዳግመኛም አልተነሣም።

አባባ በሥራው ልከኛ ሰው ነው፤ ዘይት በዓይኑ ለክቶ የሚያወርድ መካኒክ። ቤታችን እንግዳዋ ከያዘችው ብርጭቆ ሌላ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው የነበረው፤ አንዱ ከሠርጋቸው የተረፈ ረዥም፣ አንዱ የስኳር ማስቀመጫ የነበረ አጭርና ሰፊ። ልጆቹ እንዳይጣሉ ብሎ ለስላሳውን በረዥሙ ብርጭቆ ለካ። ግማሹን በአውራ ጣቱ ምልክት አድርጎ ቀዳና ወደ ሰፊው ገለበጠው፤ ቀሪውን እዚያው ረዥሙ ላይ እስከ አውራ ጣቱ ሞላ። «ይኸው፣ እኩል» ብሎ ሰፊውን ለምሕረት፣ ረዥሙን ለጫልቱ ሰጠ።

ምሕረት ሁለቱን አየች። ማልቀስ ጀመረች። «የሷ በዛ!»

«እኩል ነው፤ ስለካ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። የሷ በዛ!»

አባባ ያን ጊዜ ገና ፈገግ እንዳለ ነው። ቲቸር አስካለ ጠጥታ በጨረሰችው አጭር ብርጭቆ የጫልቱን ገለበጠው፤ የምሕረትን ደግሞ ረዥሙ ውስጥ ቀዳላት። ምሕረት እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አጨበጨበች።

«አሁን የኔ በዛ!»

«ከየት መጣ? ጨመርኩበት?»

«አልጨመርክም።»

«ጫልቱስ ሰጠችሽ?»

«አልሰጠችኝም።»

«ታዲያ እንዴት ይበዛል?»

«በዛ!» አለች ምሕረት፣ እንደዚያ ዓይነት ቀላል ጥያቄ የሚጠይቀው አባት እያሳዘናት ይመስል። «አባባ፣ እየው እንጂ! እዚህ ድረስ ነው!» በጣቷ የለስላሳውን አፋፍ አሳየችው።

ጫልቱ ኪክ ብላ ሳቀች። «እኩል ነው ሞኞ፣ ያው ነው» አለቻት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ያልተቀበላት ጫልቱ።

«አዩት ጋሽ ታደሰ?» አለች ቲቸር አስካለ። «ይሄን ነው የምልዎት። ወይ ንቀት ነው፣ ወይ ደግሞ...» ሁለተኛውን ቃል አልጨረሰችውም።

ሁለተኛው ቃል ነው መሰለኝ አባባን የነካው። ተጸልዮ የመጣች ልጅ ደደብ እንድትሆን አልፈለገም። ንቀት ከሆነ መድኃኒት አለው። ቀበቶውን ፈታ።

«እኩል ነው በይ።»

«በዛ።»

አንዴ መታት። ጮኸች።

«እኩል ነው በይ!»

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ ግራ መጋባት ነው። በየሳምንቱ ‘ውሸት አትናገሩ፣ ጌታ አይወድም’ እያልን የምናስተምራት እኛው ነን። አሁን ዓይኗ የሚያየውን ስትናገር ትመታለች። እማዬ «ይበቃታል፣ ስለ ጌታ» እያለች መሐል ገባች። ግን ከመግባቷ በፊት ምሕረት በሳግ ውስጥ፣ «እኩል ነው» አለች።

«ጎሽ!» አለ አባባ። «አየሽ፣ ታውቂያለሽ።»

እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፤ ያ የሕይወቷ የመጀመሪያ ውሸት ነው። አባትና አስተማሪ ተሰብስበው፣ ጸሎት በተደረገበት ቤት፣ በእሑድ ቀን ያስተማሯት ውሸት። ለስላሳውን ያን ቀን አልጠጣችውም። ጫልቱ ሁለቱንም ጠጣች።

ከዚያ ወዲያ ምሕረት ክፍል ውስጥ መልስ መስጠት አቆመች። ሲጠይቋት ሰሌዳውን አታይም፤ የጠያቂዋን ፊት ታያለች፤ ፊቱ ምን እንደሚፈልግ ካገኘች ትናገራለች፣ ካላገኘች ዝም። ‘ዝምተኛ ሆናለች፣ ተመስገን፣ ተስተካክላለች’ አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ወደቀች። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ክፍል ደግማ ወደቀች። ጫልቱ ‘ለከርሞ’ በተባለችው መሠረት ገብታ፣ አልፋት ሁለተኛ ክፍል ሄደች። በሦስተኛው ዓመት ምሕረት ከክፍሉ ሁሉ ረዥም ስለሆነች የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ሰሌዳው አይታይም፤ ለነገሩ የሚያሳያትም አልነበረም። ልጆቹ ከበላያቸው ስለምትታይ «ቆጥ» ብለው ይጠሯት ነበር። አባባ በመጨረሻ፣ «ይቺ ልጅ የቤት ናት፤ ለሁሉም ጸጋው አለው» ብሎ አስወጣት።

ምሬቴ እዚህ ላይ ነው። ማንጎ በጥሬው ቆርጠው ቀምሰው፣ ጎመዘዘ ብለው ዛፉን የጣሉ ሰዎችን የመሰልን መሆናችን። ምሕረት ከትምህርት ቤት የወጣችው ልክ አእምሮዋ ደርሶ በሩን ሊከፍት ባለበት ዕድሜ ነው። ማንም በሩ ላይ አልነበረም።

እኔ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያየሁት ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከወጣች በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር መሰለኝ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው ውስጥ ከባኞ ወደ ጀሪካን እየገለበጥን ነበር። ምሕረት ጀሪካኑ አንገት ላይ የደረሰውን ውኃ አየት አድርጋ፣ ቀና አለች።

«እቴቴ» አለችኝ። «ያኔ እኮ ለስላሳው እኩል ነበር።»

«የቱ ለስላሳ?»

«አባባ የመታኝ ለታ። ብርጭቆው ቀጭን ስለሆነ ነው ከፍ ያለው። መጀመሪያ የሰጠኝ ደግሞ ሰፊ ነበር።» የጀሪካኑን ክዳን ጠመዘዘች። «አባባ ልክ ነበር። እኔ ነኝ ደደቧ።»

ማንም ሳያስተምራት፣ በራሷ ጊዜ፣ ውኃ እየቀዳች ደረሰችበት። ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ እልል ሊባል ይገባ ነበር። እሷ ግን ያገኘችውን ዕውቀት ወስዳ በራሷ ላይ ምስክር አድርጋ አቆመችው። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገር የተማርኩት አንድም የለም።

ያን የሥልጠና ቀን ማታ ደወልኩላት። ምሕረት ዛሬ አየር ጤና፣ ታክሲ ፌርማታው አጠገብ፣ እስከ ማታ ክፍት በሆነ ቁርስ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ዓለም ባንክ ሠፈር ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በስልኳ የሚላክላትን መልእክት የሚያነብላት ልጇ ነው።

«እቴቴ፣ በሰላም ነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለች፣ ያለ ቀኑ ስለደወልኩ።

«ማንም አልሞተም። ምሕረትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ያን ለስላሳ ታስታውሺያለሽ?»

ሳቀች። «የዱላዬን? እንዴት ይረሳል!»

ነገርኳት። ብርጭቆዎቹን፣ የጥበቃችንን ልጅ፣ ጥርሱን፣ ሁሉንም። የአራት ዓመት ልጅ ዓለም ላይ የትም ብትሆን እንደዚያው እንደምትል። ደደብ እንዳልነበረች። ዕድሜዋ ብቻ እንደነበረ።

«ተይ እንጂ እቴቴ» አለች። «አንቺ ደግሞ ልታጽናኚኝ ነው። የኔ ጭንቅላት ድሮም አይቀበልም።»

«አይደለም እልሻለሁ! ጊዜው አልደረሰም ነበር። እጅሽ ነው የደረሰው።»

ከስልኩ ውስጥ ዘይት ሲንጨረጨር ይሰማኛል፤ ከውጭ የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይላሉ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ተለውጧል። «እኔ ረዥሙን ብርጭቆ አይቼ ‘ይሄ በዛ’ አልኩ። አራት ዓመቴ ስለሆነ።»

«አዎ።»

«እናንተ ደግሞ እኔን አያችሁ። ረዥም ናት፣ ደርሳለች አላችሁ።»

«አዎ።»

«እናንተስ ስንት ዓመታችሁ ነበር እቴቴ?»

አንድ ደንበኛ ከሩቅ «ምሕረት፣ እንቁላል ፍርፍሩስ?» ሲል ሰማሁ። «መጣሁ!» አለችው። ስልኩ ተዘጋ።

ብዙ ጸለይኩ። ይቅርታ አድራጊ እግዚአብሔር ነው፤ አባባንም፣ ቲቸር አስካለንም በፊቱ አቁሜ ስለ እነሱ ለምኜአለሁ። ነገር ግን ጸሎቴ ሁሉ ሲያልቅ የምሕረት ጥያቄ እዚያው እንደተቀመጠ አገኘዋለሁ። ሞኝ ናት ያልናት ልጅ፣ የሁላችንንም ስሕተት ዘይት እየተንጨረጨረ በአንድ ትንፋሽ ፈታችው። ያን አእምሮ ነው ከኋላ ወንበር ያስቀመጥነው።

ሰኞ ዕለት በእኛም ግቢ ምዝገባ ነበር። እዚህ አገር ልጅ ቶሎ ነው የሚመዘዘው። አንድ አባት እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷ ማንም ሳያዛት፣ ቤት አስጠንተዋት ነው መሰለኝ፣ ጠረጴዛዬ ፊት እንደቆመች ቀኝ እጇን በራሷ ላይ አሻግራ ጆሮዋን ያዘች። እንዳደንቃት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ይኸው፣ ደርሳለች» አለ አባትየው ኮራ ብሎ።

«እጇ ደርሷል» አልኩት። «እሷ ግን መቼ ነው የተወለደችው?»

ማሰብ ጀመረ። ወንዙ ሞልቶ የነበረበትን ክረምት አነሣ፤ ተወው፤ ሌላ አነሣ። እኔ አላጣደፍኩትም። ከወንበሬ ተነሥቼ የልጅቷን እጅ ከራሷ ላይ ቀስ አድርጌ ላወርደው ያዝኩት። ጣቶቿ ጆሮዋን አጥብቀው ይዘው ነበርና፣ ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው።